ከቆመ ገንዳ ወደሚሮጥ ባቡር፦ የሞክድሬው ውኃ መቅጃ እና የኢነርጂ ሒሳቡ

በእንፋሎት ባቡር ዘመን ረጅም መንገድ ሳይቆሙ ለመጓዝ ዋናው እንቅፋት የድንጋይ ከሰል ሳይሆን ውኃ ነበር። በማሞቂያው ውስጥ እንፋሎት የሆነው ውኃ በሲሊንደሮቹ ውስጥ ፒስተኑን ገፍቶ ካበቃ በኋላ በጭስ መውጫው በኩል ወደ አየር ይለቀቃል እንጂ ተመልሶ ጥቅም ላይ አይውልም። ስለዚህ ሎኮሞቲቩ ከኋላው አስከትሎት የሚሄደው የውኃና የከሰል ተጎታች ሲጎድል ባቡሩ ጣቢያ ላይ ቆሞ እንደገና መቅዳት ነበረበት። ተጎታቹን ማተለቅ መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ቶን ውኃ ራሱ የሚጎተት ሸክም ስለሆነ ትርፉ ቶሎ ያልቃል።

ችግሩ እ.ኤ.አ. በ1860 በሰሜን ዌልስ የባሕር ዳርቻ መስመር ላይ አጣዳፊ ሆነ። ከለንደን ወደ አየርላንድ የሚሻገረውን ፖስታ የሚጭነው ፈጣን ባቡር ከቼስተር እስከ ሆሊሄድ ወደብ ያለውን 136 ኪሎሜትር ያህል መንገድ በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ እንዲጨርስ ተፈለገ፤ መንገድ ላይ ለውኃ መቆም ደግሞ ይህን የጊዜ ሰሌዳ ያፈርሰዋል። በለንደን ኤንድ ኖርዝ ዌስተርን የባቡር ኩባንያ የሎኮሞቲቭ ክፍል ኃላፊ የነበረው መሐንዲስ ጆን ራምስቦተም ያቀረበው መፍትሔ ባቡሩ እየሮጠ ውኃ እንዲቀዳ ማድረግ ነበር። በኮንዊና በኮልዊን ቤይ መካከል በምትገኘው በሞክድሬ፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል፣ 45 ሴንቲሜትር ስፋትና 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው የብረት ገንዳ በ403 ሜትር ርዝመት ተዘረጋ። ከተጎታቹ ሥር ደግሞ አፉን ወደ ፊት ያዞረ መቅጃ ተገጠመ። ባቡሩ ገንዳው ላይ ሲደርስ እሳት አንዳጁ መቅጃውን ዝቅ ያደርገዋል፤ 25 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው አፉ 5 ሴንቲሜትር ያህል ውኃው ውስጥ ይጠልቃል፤ ውኃውም በታጠፈ ቧንቧ ሽቅብ ተወንጭፎ 2.29 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው መውጫ በኩል ወደ ታንከሩ ይገባል። ፓምፕ የለም፤ የሚሽከረከር አካልም የለም።

ዘዴው በብሪታንያ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እስከ ጠፋበት እስከ 1960ዎቹ ድረስ ዘለቀ፤ በአሜሪካም ከ1870 ጀምሮ በኒው ዮርክ ግዛት በሞንትሮዝ፣ ኋላም በሌሎች መስመሮች ተሠራበት። እዚህ ላይ የምመረምረው ግን የባቡሩን ታሪክ ሳይሆን በመቅጃው ውስጥ ያለውን የኢነርጂ ሒሳብ ነው። አንድ ጊዜ በተሟላ ሁኔታ ሲቀዳ ወደ ታንከሩ የሚገባው ውኃ 5.2 ቶን ገደማ ነው፤ ይህም የመቅጃው አፍ ስፋትና ውኃው ውስጥ የጠለቀበት ልክ ከገንዳው ርዝመት ጋር ሲባዙ የሚገኝ መጠን ስለሆነ በፍጥነቱ ላይ አይመካም። ይህን ያህል ውኃ 2.29 ሜትር ከፍ ለማድረግ ወደ 117 ኪሎጁል ኢነርጂ ያስፈልጋል። ገንዳው ውስጥ ያለው ውኃ የተኛ ውኃ ነው፤ ቁልቁል አይወርድም፣ ማንም አይገፋውም። 117 ኪሎጁሉን የሰጠው ማን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የሚሰጡት መልሶች ግን ጠያቂው በባቡሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ወይም ከሐዲዱ ዳር እንደ ቆመ ስለሚለያዩ፣ አንዱን መልስ ከሌላው ጋር ያደባለቀ ሰው ሒሳቡ አይዘጋለትም።

በተጎታቹ ላይ ለተቀመጠ ተመልካች

ባቡሩ በማይለዋወጥ ፍጥነት ይሄዳል ብለን እንያዝ። ይህ ቅድመ ሁኔታ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ባቡሩ እየፈጠነ ወይም እየዘገየ ከሄደ በእርሱ ላይ የተመሠረተው የማጣቀሻ ማዕቀፍ (ቦታና ፍጥነት የሚለካበት መነሻ) ተራው የኒውተን ሕግ ያለ ማስተካከያ የሚሠራበት ማዕቀፍ መሆኑ ይቀራል። ለዚህ ተመልካች መቅጃው የቆመ ነው፤ ሐዲዱ፣ ገንዳውና ውኃው ግን በባቡሩ ፍጥነት ልክ ወደ እርሱ ይመጣሉ። በመቅጃው ውስጥ በየትኛውም ነጥብ ላይ ያለው ግፊትና ፍጥነት ከአንዱ ሰከንድ ወደ ሌላው አይለወጥም፤ ማለትም ፍሰቱ ቋሚ ነው። በቋሚ ፍሰት ውስጥ፣ ሰበቃን ትተን፣ በአንድ የፍሰት መስመር ላይ የግፊቱ፣ የእንቅስቃሴውና የከፍታው ኢነርጂ ድምር እንደማይለወጥ የሚናገረው የቤርኑሊ ሕግ እዚህ ያለ ምንም ችግር ይሠራል።

በገንዳው ፊትም ሆነ በመውጫው ላይ ያለው ግፊት የአየሩ ግፊት ስለሆነ ሁለቱ ይጣፋሉ፤ የሚቀሩት የእንቅስቃሴና የከፍታ ኢነርጂ ናቸው። የባቡሩን ፍጥነት ፍ፣ መውጫው ያለበትን ከፍታ ከ፣ የመሬት ስበት የሚሰጠውን ፍጥንጥነት ስ ብለን ብንጠራ፣ ውኃው መውጫው ላይ ለመድረስ ቢያንስ ፍ² = 2 × ስ × ከ መሆን አለበት። ከፍታው 2.29 ሜትር ሲሆን የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ፍጥነት 6.7 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም 24 ኪሎሜትር በሰዓት ነው። ራምስቦተምም የደረሰው በዚሁ ቁጥር ላይ ነበር። በተግባር ግን መቅጃው በሚገባ የሠራው ፍጥነቱ ወደ 35 ኪሎሜትር በሰዓት ሲደርስ ነው።

በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት ብዙ ሰው በሰበቃ ብቻ ሊያብራራው ይሞክራል፤ ይህ ግን ግማሽ መልስ ነው። በትክክል በ24 ኪሎሜትር ፍጥነት ውኃው መውጫው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ በሙሉ አልቆ ዜሮ ሆኗል፤ ፍጥነት የሌለው ውኃ ደግሞ ወደ ታንከሩ አይፈስስም። በመግቢያው የሚገባው ሁሉ በመውጫው እንዲወጣ፣ ውኃው በዘገየ መጠን ቧንቧው መስፋት አለበት። በ35.4 ኪሎሜትር ፍጥነት፣ ማለትም በ9.8 ሜትር በሰከንድ፣ ውኃው ከላይ ሲደርስ ሰበቃ ባይኖር 7.2 ሜትር በሰከንድ ያህል ፍጥነት ይቀረዋል፤ ስለዚህ የመውጫው ስፋት ከመግቢያው 1.4 ጊዜ ያህል ቢበልጥ ይበቃል። ወደ 24 በተጠጋን ቁጥር ግን የሚፈለገው ስፋት ያለ ገደብ ያድጋል፤ ቧንቧው ያንን ያህል ካልሰፋ ውኃው ከመቅጃው አፍ ላይ ተገፍቶ ወደ ጎን ይፈስሳል።

በዚህ ተመልካች ዘንድ መቅጃው ውኃውን አንሥቶታል ማለት አይቻልም። መቅጃው የቆመ ግድግዳ ነው፤ የማይንቀሳቀስ ግድግዳ ምንም ያህል ቢገፋ ሥራ አይሠራም። ውኃው የወጣው ይዞት በመጣው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ነው። ፈረንሳዊው አንሪ ፒቶ በ1732 የሴን ወንዝን ፍጥነት ለመለካት የተጠቀመበት የታጠፈ ቱቦ የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው፤ ልዩነቱ በፒቶ ዘንድ ቱቦው ቆሞ ውኃው መሄዱ፣ በራምስቦተም ዘንድ ደግሞ ውኃው ቆሞ ቱቦው መሄዱ ነው።

ከሐዲዱ ዳር ለቆመ ተመልካች

አሁን ከባቡሩ እንውረድ። ከሐዲዱ ዳር ለቆመው ሰው ገንዳው ውስጥ ያለው ውኃ ፍጥነቱ ዜሮ፣ ከፍታው ዜሮ፣ ግፊቱም የአየሩ ግፊት ነው። ይህ ሰው የቤርኑሊን ሕግ እንዳለ ቢጠቀም፣ ያለ ምንም የእንቅስቃሴ ኢነርጂ የተኛ ውኃ አንድ ሴንቲሜትር እንኳ ሽቅብ ሊወጣ አይችልም ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳል። ዓይኑ የሚያየው ግን ሌላ ነው፤ ውኃው 2.29 ሜትር ከመውጣቱም በላይ ከታንከሩ ጋር አብሮ በባቡሩ ፍጥነት ይሮጣል። በ35 ኪሎሜትር ፍጥነት ለእያንዳንዱ ኪሎግራም 48 ጁል የእንቅስቃሴ ኢነርጂ እና 22 ጁል የከፍታ ኢነርጂ ከምንም ተገኘ ማለት ነው።

ስሕተቱ ያለው በቤርኑሊ ሕግ ውስጥ ሳይሆን ሕጉን ከክልሉ አውጥቶ በመጠቀም ላይ ነው። የፊዚክስ ትምህርታችን ቀመሩን ሲያስተዋውቅ ፍጥነቱ ለማን የተለካ ፍጥነት እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይናገርም፤ በላብራቶሪው ውስጥ ቧንቧው ስለማይንቀሳቀስ መናገሩ አስፈላጊ አይመስልም። ከሐዲዱ ዳር ለቆመው ሰው ግን ፍሰቱ ቋሚ አይደለም። በገንዳው ውስጥ አንድ ነጥብ መርጦ ቢከታተል፣ መቅጃው ገና ሩቅ ሳለ ውኃው ጸጥ ብሏል፤ መቅጃው ሲጠጋ ግፊቱ ይወጣል፤ መቅጃው ሲያልፍ ደግሞ ይወርዳል። በእንዲህ ዓይነት ፍሰት ውስጥ አንድ የውኃ ቅንጣት የያዘው የግፊት፣ የእንቅስቃሴና የከፍታ ድምር እንዳለ አይጠበቅም፤ ቅንጣቱ ባለበት ቦታ ግፊቱ ከጊዜ ጋር በሚለወጥበት መጠን ድምሩም ይለወጣል። ሰበቃ ፈጽሞ በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ እንኳ ይህ እውነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ግፊቱ ራሱ ለሁለቱም ተመልካቾች አንድ ነው፤ በመቅጃው ግድግዳ ላይ የተገጠመ ግፊት መለኪያ የሚያሳየው ቁጥር አንባቢው በቆመበት ቦታ አይለወጥም። የሚለያዩት ስለ ግፊቱ መጠን ሳይሆን ግፊቱ ከቦታ ቦታ ብቻ ይለያያል ወይስ ከጊዜ ጋርም ይለዋወጣል በሚለው ላይ ነው።

ከሐዲዱ ዳር የቆመው ሰው የራሱን ትክክለኛ ቀመር ማግኘት ይችላል። በባቡሩ ላይ ያለው ሰው የሚለካው የውኃ ፍጥነት ከመሬት ከሚለካው የባቡሩን ፍጥነት ቀንሶ የሚገኝ ነው፤ ይህን ልዩነት በቤርኑሊ ቀመር ውስጥ አስገብቶ ካሬውን ሲዘረዝር፣ ከሦስቱ የተለመዱ ቃላት ሌላ አንድ አራተኛ ቃል ይመጣል። ይህም የባቡሩ ፍጥነት ውኃው ወደ ፊት ከሚሄድበት ፍጥነት ጋር ተባዝቶ ከድምሩ የሚቀነስ ነው። ገንዳው ላይ ውኃው ስለማይንቀሳቀስ አራተኛው ቃል ዜሮ ነው። በዝቅተኛው ፍጥነት ውኃው ከላይ ሲደርስ በባቡሩ ፍጥነት ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል፤ ስለዚህ ፍ² ÷ 2 + ስ × ከ − ፍ² = 0 ይሆናል። ከዚህም ፍ² = 2 × ስ × ከ ይወጣል፤ ሁለቱ ተመልካቾች በውኃው ከፍታ ላይ ተስማሙ ማለት ነው። አራተኛው ቃል የሒሳብ ማስታረቂያ ብቻ አይደለም፤ የሚንቀሳቀሰው መቅጃ በውኃው ላይ የሠራው ሥራ ነው።

መቅጃው የሠራው ሥራ እና ግማሹ

በየሰከንዱ መቅጃው የተወሰነ ኪሎግራም ውኃ ከዜሮ ፍጥነት ወደ ባቡሩ ፍጥነት ያደርሳል። የሞመንተም (የቁስ መጠንና የፍጥነት ብዜት) ሕግ እንደሚለው ለዚህ የሚያስፈልገው ጉልበት በሰከንድ የሚገባው የውኃ መጠን በባቡሩ ፍጥነት ሲባዛ የሚገኘው ነው። ከመሬት ሲታይ መቅጃው ይህን ጉልበት እያሳረፈ በፍጥነት ፍ ይሄዳል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ኪሎግራም ላይ የሚሠራው ሥራ ፍ² ነው። ውኃው ያገኘው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ግን ፍ² ÷ 2 ብቻ ነው። የቀረው ግማሽ ከፍታውን ይከፍላል፤ ከፍታው ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ደግሞ ውኃው ታንከሩ ውስጥ ሲናወጥና ሲረጋ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

የሞክድሬን ቁጥሮች እናስገባ። በ35 ኪሎሜትር ፍጥነት መቅጃው ለአንድ ኪሎግራም ውኃ 97 ጁል ገደማ ያወጣል። ከዚህ ውስጥ 48ቱ ውኃው ከባቡሩ ጋር ለመሮጥ፣ 22ቱ ለመውጣት ይውላሉ፤ ወደ 26 የሚሆነው ሙቀት ይሆናል። ዝቅተኛው የ24 ኪሎሜትር ፍጥነት ልዩ የሚሆነው ሙቀት የሚሆነው ክፍል ዜሮ የሚሆንበት ስለሆነ ነው፤ ያኔም ቢሆን መቅጃው የሚያወጣው ለማንሣት ብቻ ከሚያስፈልገው እጥፍ ነው። ውኃውን በጣም ቀስ ብሎ በሚሠራ ፓምፕ ከቆመ ጣቢያ ማንሣት በኢነርጂ ረገድ ይረክሳል፤ ኩባንያው የገዛው ኢነርጂ ሳይሆን ጊዜ ነው።

ይህ እጥፍ ነገር አንዳንድ አንባቢን ያስቸግራል፤ እኔ ግን ከጉዳዩ ሁሉ የሚያስተምረው ይህ ይመስለኛል። በተጎታቹ ላይ የተቀመጠው ሰው የውኃው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ከፍ² ÷ 2 ወደ ዜሮ ሲወርድ ያያል፤ ከሐዲዱ ዳር ያለው ደግሞ ከዜሮ ወደ ፍ² ÷ 2 ሲወጣ ያያል። አንዱ ቅነሳ ያለውን ሌላው ጭማሪ ይለዋል። አንዱ መቅጃው ሥራ አልሠራም ይላል፤ ሌላው ፍ² ሠራ ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ልክ የማይሆነው ከአንዱ ሒሳብ የእንቅስቃሴውን ኢነርጂ፣ ከሌላው ሒሳብ ሥራውን ወስዶ በአንድ መዝገብ ላይ ያሰፈረ ሰው ነው።

ለመፈተን ሦስተኛ ተመልካች እንጨምር፤ ከሐዲዱ ጎን ለጎን በባቡሩ ግማሽ ፍጥነት የሚሄድ ይሁን። ለእርሱ ውኃው በመጀመሪያ በግማሽ ፍጥነት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ታንከሩ ውስጥ ከገባ በኋላ በዚያው ግማሽ ፍጥነት ወደ ፊት ይሄዳል። ስለዚህ የእንቅስቃሴ ኢነርጂው ለውጥ ዜሮ ነው። መቅጃው ደግሞ በግማሽ ፍጥነት ስለሚሄድ፣ ጉልበቱ ሳይለወጥ የሚሠራው ሥራ ፍ² ÷ 2 ይሆናል። ለመጀመሪያው ተመልካች ዜሮ ሥራ እና የፍ² ÷ 2 ቅናሽ፤ ለሁለተኛው የፍ² ሥራ እና የፍ² ÷ 2 ጭማሪ፤ ለሦስተኛው የፍ² ÷ 2 ሥራ እና ዜሮ ለውጥ። በሦስቱም ዘንድ ሥራው ከእንቅስቃሴ ኢነርጂው ለውጥ ሲበልጥ የሚተርፈው ፍ² ÷ 2 ነው፤ ከፍታውንና ሙቀቱን የሚከፍለውም ይኸው ነው። መሆን ያለበትም እንዲሁ ነው፤ ምክንያቱም የታንከሩ ከፍታ በሜትር፣ የውኃው ሙቀትም በቴርሞሜትር የሚለካ ስለሆነ በተመልካቹ ፍጥነት ሊለወጥ አይችልም።

ከሰሉን የሚያቃጥለው ማን ነው?

አሁን አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። በተጎታቹ ላይ ያለው ሰው መቅጃው ሥራ አይሠራም ካለ፣ ነጂው ፍጥነቱን ለመጠበቅ ተጨማሪ እንፋሎት መክፈት ለምን ያስፈልገዋል? የሚቃጠለው ከሰል በኪሎግራም የሚመዘን ነገር ነው፤ ለአንዱ ተመልካች ተቃጥሎ ለሌላው ሳይቃጠል ሊቀር አይችልም።

መልሱ መንኮራኩሩ ሐዲዱን በሚነካበት ቦታ ላይ ነው። ወደ መቅጃው የሚመጣው ውኃ ባቡሩን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ባቡሩ እንዳይዘገይ መንኮራኩሮቹ በዚያው መጠን ሐዲዱን ወደ ኋላ መግፋት አለባቸው። ለባቡሩ ተመልካች ሐዲዱና ከሥሩ ያለው ምድር በፍጥነት ፍ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ወደ ኋላ የሚሄድን አካል ወደ ኋላ መግፋት ሥራ መሥራት ነው፤ መጠኑም ለአንድ ኪሎግራም ውኃ ፍ² ነው። ስለዚህ በዚህ ተመልካች መዝገብ ሞተሩ ፍ² ያህል ኢነርጂ ለምድር ይሰጣል፤ ምድርም እጅግ ግዙፍ በመሆኗ ፍጥነቷ በማይለካ መጠን ቢጨምርም የእንቅስቃሴ ኢነርጂዋ በትክክል ፍ² ያህል ይጨምራል። ውኃው ከምድር ጋር አብሮ ይመጣ ከነበረው ኢነርጂ ፍ² ÷ 2 አጥቶ ከፍታና ሙቀት አድርጎታል። ሞተሩ የሚያወጣው በሁለቱም መዝገቦች አንድ ነው፤ የሚለያየው የተቀባዩ ስም ነው።

ብዙ ማብራሪያዎች ምድርን በጣም ትልቅ ስለሆነች ከሒሳቡ ያስወጧታል። ምድር በቆመችበት የማጣቀሻ ማዕቀፍ ውስጥ ኢነርጂን ለሚቆጥር ይህ ችግር አያመጣም፤ ምድር በምትንቀሳቀስበት የማጣቀሻ ማዕቀፍ ውስጥ ኢነርጂን ለሚቆጥር ግን ምድርን መርሳት ከባንኩ መዝገብ ላይ ትልቁን ደንበኛ እንደ መሰረዝ ነው።

ፍጥነቱ ሲጨምር

ለሞክድሬ መሣሪያ 35 ኪሎሜትር በሰዓት መነሻ እንጂ መድረሻ አልነበረም። በዚያ ፍጥነት መቅጃው የሚያሳርፈው ወደ ኋላ የሚጎትት ጉልበት 1,250 ኒውተን ገደማ ሲሆን ገንዳውን ለማለፍ 41 ሰከንድ ይፈጃል፤ በሰከንድ የሚወጣው ኢነርጂም 12 ኪሎዋት ያህል ነው። ይህን ነጂው ብዙም ላያስተውለው ይችላል። ፍጥነቱ 96.5 ኪሎሜትር በሰዓት ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጉልበቱ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ወደ 9,300 ኒውተን፣ ማለትም ከ900 ኪሎግራም በላይ ክብደት ያለው ነገር መሬት ላይ ወደሚያሳርፈው ጫና ይደርሳል። ገንዳው በ15 ሰከንድ ያልቃል፤ በእነዚያ 15 ሰከንዶች ሞተሩ ለውኃው ብቻ 250 ኪሎዋት ገደማ፣ ወይም ከ330 የፈረስ ጉልበት በላይ ማውጣት አለበት። የተቀዳው ውኃ ግን ያው 5.2 ቶን ነው፤ የወጣበት ከፍታም ያው 2.29 ሜትር ነው።

በዚህ ፍጥነት ለአንድ ኪሎግራም የሚወጣው 718 ጁል ሲሆን ከዚህ ውስጥ ውኃውን ለማንሣት የዋለው 22 ብቻ ነው። 359ኙ በእንቅስቃሴ መልክ ይቀመጣል፤ ባቡሩ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ የጠፋ ነው አይባልም። ወደ 337 የሚሆነው ግን ወዲያውኑ ሙቀት ይሆናል፤ ይህም የታንከሩን ውኃ 0.08 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ብቻ ስለሚያሞቀው ማንም አይሰማውም። ነጂው ተጨማሪ እንፋሎት ባይከፍት ምን ይሆናል? 200 ቶን የሚመዝን ባቡር ብንወስድ፣ 5.2 ቶን የቆመ ውኃ ሲጫንበት ፍጥነቱ በ2.5 በመቶ ይቀንሳል፤ ከ96 ወደ 94 ኪሎሜትር ገደማ ማለት ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ በአፉ የገባው ውኃ በሙሉ ታንከሩ ይደርሳል ብሎ ያሰበ ነው። እውነተኛው መቅጃ እንዲህ ንጹሕ አልነበረም። በመቅጃው ፊት የሚከመረው ውኃ ወደ ጎን ይረጫል፤ ጠጠሩን ያጥባል፤ ታንከሩ ሞልቶ መቅጃው በጊዜ ካልተነሣ ደግሞ ትርፉ ከላይ ፈንድቶ በመጀመሪያው ፉርጎ ላይ ይወርዳል። ይህ የተረጨ ውኃ ከሐዲዱ ዳር ለቆመው ሰው በፍጥነት የሚበር ውኃ ነው፤ ፍጥነቱን ያገኘው ከባቡሩ ስለሆነ ሞተሩ ለእርሱም ይከፍላል፤ ታንከሩ ግን ምንም አላገኘም። ከመቅጃው ፊት ቀድሞ ውኃውን ወደ መሐል የሚሰበስብ ማዞሪያ መግጠም በኋላ የተለመደው ለውኃው ቁጠባ ብቻ ሳይሆን ለሞተሩ ኢነርጂ ቁጠባም ጭምር ስለሚጠቅም ነው። እሳት አንዳጁም በከፍተኛ ፍጥነት መቅጃውን በእጅ ማንሣት ይከብደው የነበረው ያንን ሁሉ ጉልበት እየተቃወመ ስለሆነ ነው። ገንዳው ራሱ የግድ ፍጹም ደልዳላ በሆነ የሐዲድ ክፍል ላይ መዘርጋት ነበረበት፤ ዳገት ላይ ውኃው ወደ አንድ ጫፍ ይሰበሰባልና።

ገንዳዎቹ ከጠፉ በኋላም መርሑ በሌላ ቦታ ይሠራል። የደን እሳት የሚያጠፋው የካናዳ ሥሪት አውሮፕላን ሲኤል-415 በሐይቅ ወይም በባሕር ፊት ላይ እየተንሸራተተ 6,137 ሊትር ውኃ በ12 ሰከንድ ይቀዳል። በዚያ ጊዜ ፍጥነቱ በሰዓት 130 ኪሎሜትር ገደማ ነው ብንል፣ ወደ ኋላ የሚጎትተው ጉልበት ከ18,000 ኒውተን ይበልጣል፤ በሰከንድ የሚያስፈልገውም ወደ 670 ኪሎዋት ነው። ይህም እያንዳንዳቸው 2,380 የፈረስ ጉልበት ካላቸው ከሁለቱ ሞተሮቹ ጠቅላላ አቅም አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ነገር ግን አውሮፕላኑ የሚገፋው ሐዲድ የለውም። ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ሲገፋ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የሚሸሸው አየር የሚወስደው የእንቅስቃሴ ኢነርጂም በተጨማሪ ስለሚከፈል፣ በባቡሩ ላይ ለአንድ ኪሎግራም ውኃ ፍ² የነበረው ዋጋ በአውሮፕላኑ ላይ ከፍ² ይበልጣል።